የእንግሊዝ ገጠር ፎቶዎች እንዴት ይነሳሉ?



በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቶሎ የሚበጣጠሱት ፎቶ ያላቸው ናቸው። ጽሑፉ ባይገባ እንኳ ፎቶው ይገባልና። አንዲት ቀበሮ ሣር መካከል ቆማ ፊት ለፊት ታያለች። በጎች በጭጋግ ውስጥ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ጉጉት ክንፏን ዘርግታ ከአጥር በላይ ትበራለች። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስለነዚህ ፎቶዎች ደጋግመው የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ «እንዴት አድርገው ነው ይሄን ያህል የተጠጉት?» ሁለተኛ፣ «እንስሳው የተገራ ነው ወይስ እውነተኛ የዱር?» ሦስተኛ፣ «አገሩ እውነት እንዲህ አረንጓዴና ሰው የሌለበት ነው?»

ጥያቄዎቹ ጥሩ ስለሆኑ በዚህ እትም አንድ በአንድ ለመመለስ እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሬ ለብሰው ወፍ የጠበቁ ወንድማማቾች

የዱር እንስሳን በመኖሪያው ፎቶ ማንሳት በእንግሊዝ አገር ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ሰዎች መካከል ሁለት ወንድማማቾች ይገኙበታል። ሪቻርድ ኪርተን (1862–1928) እና ቼሪ ኪርተን (1871–1940) ይባላሉ። የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ስዌልዴል በሚባል ሸለቆ ውስጥ በምትገኝ ትዌይት በተባለች ትንሽ መንደር ነው። አካባቢው የበግ አርቢዎች አገር ነው። ሪቻርድ በልጅነቱ ዳሌው ተጎድቶ ዕድሜ ልኩን ያነክስ ነበር። ሁለቱም በኋላ ለንደን ገብተው በመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ተቀጠሩ፤ ልባቸው ግን ከወፍ ጎጆ አልወጣም።

በ1892 ቼሪ በለንደን ዳርቻ እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶ አነሳ። በ1895 ደግሞ ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ የሚናገር መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በፊት የተፈጥሮ መጻሕፍት ሥዕላቸው በእጅ የሚሳል ነበር። የነሱ መጽሐፍ ግን ሙሉ በሙሉ ከተፈጥሮ በተነሱ ፎቶዎች የተዘጋጀ ሆነ።

የዚያን ጊዜ ካሜራ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ሣጥን ነው። ፊልም በሚገባበት ቦታ የመስታወት ሰሌዳ ይገባል። አሁን እንዳለው ሩቁን የሚያቀርብ ጥሩ ሌንስም አልነበረም። ስለዚህ አጠገብ መድረስ ግዴታ ነው። ታዲያ ወፏ እንዳትሸሽ ምን ይደረግ? ወንድማማቾቹ የበሬ ቆዳ በቀላል እንጨት ላይ ወጥረው ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ አሠሩ። ካሜራው በውስጡ ይቀመጣል፣ ሰውየውም ውስጥ ገብቶ ሰዓታት ይቆያል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የዛፍ ግንድ የሚመስል መደበቂያ ይሠሩ ነበር።

ይሄ ለምን እንደሚሠራ ከብት የጠበቀ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነጫጮቹ ወፎች ላሟ ስትግጥ ከእግሯ ሥር ሆነው ነፍሳት ይለቅማሉ፤ አንዳንዴ ጀርባዋም ላይ ይወጣሉ። ሰው ሲጠጋ ግን ብር ብለው ይነሳሉ። ወፍ ከብትን አትፈራም፣ ሰውን ትፈራለች። ወንድማማቾቹም ይህንኑ ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ካደጉበት መስክ ነው። ቼሪ ኪርተን ከጊዜ በኋላ ወደኛው አካባቢ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረውን የቴዎዶር ሩዝቬልትን ጉዞ በ1909 ኬንያ ውስጥ በፊልም ቀርጿል።

ዛሬስ እንዴት ይጠጋሉ?

ዛሬ በሬ መልበስ አያስፈልግም። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ አለ። ለምሳሌ 400 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሌንስ፣ 50 ሚሊ ሜትር ከሚባለው ከተለመደው ሌንስ ጋር ሲነጻጸር እንስሳውን ስምንት እጥፍ አቅርቦ ያሳያል። ሆኖም ሌንስ ብቻውን ፎቶ አይሰጥም። የእንግሊዝ ገጠር ፎቶ አንሺዎች የሚከተሏቸው ዘዴዎች ባጭሩ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. እንስሳውን ማጥናት። ቀበሮ ብዙ ጊዜ በለመደችው መንገድ ትመላለሳለች። ፊቷ ነጭ የሆነው የጎተራ ጉጉት ፀሐይ ስትጠልቅ ወይም ገና ሲነጋ ረጅም ሣር ባለበት መስክ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች አይጥ ትፈልጋለች። ጎበዝ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ቀናት ወስዶ በየት እንደምታልፍ ይመለከታል።

2ኛ. ነፋስ። ቀበሮም ሆነ አጋዘን ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ቀድሞ ሰውን ያውቃል። ስለዚህ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ ሰው በሚነፍስበት በኩል መሆን ያስፈልጋል። አዳኝም ይህን ያውቃል።

3ኛ. መደበቅ። ትንሽ ድንኳን ተክሎ ከውስጥ መጠበቅ የተለመደ ነው። መኪናም ጥሩ መደበቂያ ነው፤ እንስሳት በገጠር መንገድ የሚያልፍ መኪና ስለለመዱ ሰው ካልወረደ ብዙም አይሸሹም። ሩዝ ወይም ባቄላ የሞላ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርገው ከባዱን ሌንስ ያስደግፉበታል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ማለት ነው።

4ኛ. ፍጥነት። ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ሊለካ ይችላል። ለቆመ በግ የሰከንድ 1/125ኛ ይበቃል። ለሚበር ወፍ ግን 1/1000ኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ካልሆነ ክንፉ ይደበዝዛል።

5ኛ. መቀመጥ። በኮረብታ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል። ዝቅ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ስልክ አጥፍቶ መቀመጥ ነው። በቃ! ብዙ ጊዜ ምንም ሳይመጣ ይመሻል፤ በማግሥቱ ይመለሳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ወደ እንስሳው አልተጠጋም፤ እንስሳው በሚያልፍበት ቦታ ቀድሞ ተቀምጦ ጠበቀው።

ስለ ብርሃን

በእንግሊዝ ፎቶዎች ላይ ለስለስ ያለ ወርቃማ ብርሃን የሚበዛው ለምንድነው? ምክንያቱ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ነው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም ፈቅ አይልም። ጧት ለፎቶ የሚመቸው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ወዲያው ይከርራል።

እንግሊዝ ግን ወደ ሰሜን ከ50 ዲግሪ በላይ ናት። በለንደን በሰኔ ወር ቀኑ ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 8 ሰዓት ገደማ ያጥራል። ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወጣና ስለምትገባ ዝቅ ያለው ብርሃን ረጅም ጊዜ ይቆያል። በክረምታቸው እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይዋ ዝቅ እንዳለች ነው። በመጸው ወራት ደግሞ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በሸለቆዎች ውስጥ ጭጋግ ይተኛል፤ ፎቶ አንሺው ገና ሳይነጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች ይጠብቀዋል።

አንድ ለኛም የሚጠቅም ነገር እንጨምር። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ በግ በበረዶ ላይ ሲያነሱት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ በረዶው አመድ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ራሱ ብርሃን ይጨምራል። ጥቁር ላም ክፈፉን ስትሞላው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። እኛ ጓደኛችንን በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ሰማይን ወይም የቆርቆሮ ግድግዳን ከኋላው አድርገን በስልክ ስናነሳው ፊቱ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ብርሃን መጨመር፣ ወይም ጓደኛን ወደ ጥላ ወስዶ የጀርባውን ሰማይ ከፎቶው ማስወጣት ነው። ጥፋቱ የካሜራው ግምት እንጂ የፊታችን ቀለም አይደለም።

በጎችና ላሞች

የእርሻ እንስሳ ፎቶ ቀላል ይመስላል፤ በግ የትም አትሄድም። ነገር ግን የራሱ ሥርዓት አለው። በሚወልዱበት ወራት፣ ማለትም በጸደይ፣ ያረገዘች በግ ከተሯሯጠች ልትጨነግፍ ትችላለች። እናትና ግልገል ከተለያዩ ደግሞ እናቲቱ ልትተወው ትችላለች። ጥጃ ያላት ላም ሰው ሲቀርባት ትቆጣለች። በእንግሊዝ በሜዳ ሲያልፉ በላሞች ተረግጠው የሞቱ ሰዎች አሉ። የተዘጋ በር ከፍቶ ያለፈ ሰው መልሶ መዝጋት አለበት፤ ካልዘጋ የሁለት ገበሬ መንጋ ይቀላቀላል።

በዚህ ዓይነት ፎቶ ስሙ ከሚነሳው ሰው አንዱ ጄምስ ራቪሊየስ (1939–1999) ነው። በ1972 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሰሜን ዴቨን የሚገኝ ቢፎርድ የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል የአካባቢውን ኑሮ በፎቶ እንዲመዘግብ ጠየቀው። ሥራው 17 ዓመት ያህል ቀጠለ። ከ70,000 በላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አነሳ። በፎቶዎቹ ላይ በበረዶ ውስጥ ለበጎች ድርቆሽ የሚሸከም ሰው፣ የታመመች በግ የሚያክም ገበሬ፣ ጭቃ፣ አሮጌ በር፣ ጠማማ ዛፍ ይታያል። ራቪሊየስ እዚያው አካባቢ ይኖር ነበር። ጎረቤት ስለሆነ ሰዉም ከብቱም ካሜራውን ለመደው።

ወፏን የሚጠብቅ ሕግ

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚያስገርመው ነገር እንምጣ። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ወፎችን ጎጆ ሲሠሩ ወይም ጎጆ ላይ ሳሉ ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት መረበሽ ወንጀል ነው። በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸውን ወፎች በስም ይዘረዝራል። ከላይ ያነሳናት የጎተራ ጉጉትና ሰማያዊዋ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከነሱ መካከል ናቸው። እነዚህን ወፎች ጎጆአቸው አጠገብ ሄዶ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ የረበሸ ሰው በገንዘብ መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ሊቀጣ ይችላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ጎጆው አጠገብ ሲቆም እናቲቱ ትሸሻለች፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ጫጩቶቹ ይራባሉ። ፎቶ አንሺው ፎቶውን ይዞ ይሄዳል፣ ጉዳቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ከሕግ ሌላ የቦታ ደንቦችም አሉ። ለንደን ውስጥ ሪችመንድ ፓርክ የሚባል ትልቅ መናፈሻ አለ። በ1637 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ለአደን ያሳጠረው ሲሆን ዛሬ ወደ 630 ገደማ አጋዘኖች በነፃነት ይኖሩበታል። በመስከረምና በጥቅምት ወንዶቹ ለሴት ይዋጋሉ። ጎብኚ ቢያንስ 50 ሜትር እንዲርቅ ይጠየቃል፤ ለሰውም ለአጋዘኑም ሲባል። በምሥራቅ እንግሊዝ በሊንከንሻየር ባሕር ዳር ደግሞ ዶና ኑክ የሚባል ቦታ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ግራጫ አቆስጣዎች (በባሕር የሚኖሩ፣ ለመውለድ ግን ወደ ዳር የሚወጡ እንስሳት) እዚያ ይወልዳሉ። በቅርብ ዓመታት በአንድ ወቅት ከ2,000 በላይ ግልገሎች ተወልደዋል። ሰው ሁሉ ከአጥር ጀርባ ሆኖ ያያል፣ ከአጥር ጀርባ ሆኖ ያነሳል።

የተገራ ነው ወይስ የዱር?

ሁለተኛው ጥያቄ ተማሪዎቻችን ብቻ የሚጠይቁት አይደለም። ለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ያካሂዳል። በ2009 አንደኛ የወጣው ፎቶ ስፔን ውስጥ የተነሳ፣ በሌሊት በር ዘሎ የሚያልፍ ተኩላ ነበር። በጥር 2010 ግን ዳኞቹ ተኩላው የተገራ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙት። ፎቶ አንሺው ክሱን አልተቀበለም።

በእንግሊዝም ቀበሮና ጉጉት በግቢ ውስጥ አርብተው ፎቶ አንሺዎችን የሚያስገቡ ቦታዎች አሉ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም የዱሩን ጎጆ ከመረበሽ ያድናል። ክፋቱ ያረባውን «የዱር» ብሎ መጻፍ ነው። ስለዚህ ፎቶ ስታዩ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደተነሳ የሚናገር ከሆነ ይበልጥ ልታምኑት ትችላላችሁ።

ምድሩ ባዶ ነው?

አይደለም። በፎቶ ላይ የምናየው አረንጓዴ መስክ የሰውና የበግ ሥራ ነው። በጎቹ ሁልጊዜ ባይግጡት ብዙው ኮረብታ ቁጥቋጦ ይውጠው ነበር። መስኩን የሚከፋፍሉት የድንጋይ ካቦችና የቁጥቋጦ አጥሮችም ታሪክ አላቸው። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የማጠር ሕጎችን አውጥቷል፤ የነካውም የአገሩን መሬት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ቀድሞ የመንደሩ ሰው በጋራ የሚያግጥበት መሬት በነዚህ ሕጎች የግል ሆነ። የሚያምረው አጥር ለአንዳንዱ ቤተሰብ የመፈናቀል ምልክት ነበር።

በኋላ ሰዉ በእግር የመሄድ መብት ጠየቀ። በሚያዝያ 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ብዙዎቹ ከማንችስተር የመጡ ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት ወደተባለው የተከለለ ተራራ ያለ ፈቃድ ወጡ። የተወሰኑትም ታሰሩ። ፌይ ጎድዊን (1931–2005) የተባለች ፎቶ አንሺ ደግሞ በካሜራዋ ተከራከረች። ከ1987 እስከ 1990 የእግረኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረች፤ በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ የተከለከሉ ቦታዎችን፣ የሽቦ አጥሮችንና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎችን አሳየች። በ2000 የወጣ ሕግ ተራራውንና የጋራ መሬቱን በእግር ለሚሄድ ሰው ከፈተ። ሆኖም የተከፈተው የእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ገደማ ነው። በቀረው ቦታ ፎቶ አንሺው የሕዝብ እግር መንገድን ይከተላል ወይም ባለቤቱን ያስፈቅዳል።

ሌላም ፎቶው የማይነግረን ነገር አለ። በየካቲት 2001 አፍተግር (የአፍና የሰኮና በሽታ) በብሪታንያ ተነሳ። በሽታውን ለማቆም ከ6 ሚሊዮን በላይ በጎች፣ ከብቶችና አሳማዎች ተገደሉ። የገጠር እግር መንገዶች ተዘጉ። ከሁሉ የበለጠ የተጎዳው በሰሜን ምዕራብ ያለው ከምብሪያ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ያሉ በጎች አጥር ሳይኖራቸው ግጦሻቸውን ያውቃሉ፤ እናት ለግልገሏ ታሳያለች፣ ግልገሏም አድጋ ለራሷ ግልገል ታሳያለች። መንጋው ሲያልቅ ያ እውቀት አብሮ ይጠፋል፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ በግ ኮረብታውን አያውቀውም። ገበሬዎቹን ያስጨነቃቸው የገንዘቡ ኪሳራ ብቻ አልነበረም። ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ በጭጋግ ውስጥ ተሰልፈው የሚሄዱ በጎች ፎቶ ብታዩ ይህንን አስቡ።

ለኛስ ምን ይጠቅመናል?

እኛ ካምፕ የምንኖር ሰዎች ፎቶ የምናነሳ ብቻ ሳንሆን የምንነሳም ነን። እንግዳ ይመጣል፣ ከመኪና ይወርዳል፣ ውኃ ወረፋ ላይ ያለች ሴት ወይም አፍንጫው ያልተጠረገ ሕፃን ያነሳል፣ ይሄዳል። ስም አይጠየቅም። ከፎቶው ሥር ምን እንደተጻፈ አናውቅም። የሚጠይቁ፣ ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡ፣ ፎቶውንም አትመው የሚልኩልን እንግዶችም አሉ፤ ልዩነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉጉት ጎጆዋ ላይ ሳለች እንዳትረበሽ ሕግ ከወጣላት፣ እናትም በቤቷ ደጅ «ላንሳሽ ወይ?» ብትባል ብዙ አይደለም። ተማሪዎቻችን «አይ፣ አልፈልግም» ማለት እንደሚችሉ እንዲያውቁ እንፈልጋለን። ነገ ካሜራ ሲይዙም መጠየቅን እንዳይረሱ።

ለልምምድ የሚሆን ሥራ እነሆ። ካሜራ አያስፈልግም። ከካርቶን የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ክፈፍ ቁረጡ፣ መሃሉን ባዶ አድርጉት። ጧት ገና ሲነጋ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ግራር አጠገብ፣ ከጎጆዎቹ ራቅ ብላችሁ ሠላሳ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ወፎቹ መኖራችሁን ረስተው ሥራቸውን ሲቀጥሉ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግቡ። ከዚያ በክፈፉ ውስጥ ምን እንደገባና ምን እንደቀረ በአንድ ገጽ ጻፉ። የአካባቢው አርብቶ አደር ፍየሎች ካሉ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን ሰላም በሉና አስፈቅዱ። ጽሑፋችሁን ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ስጡ፤ የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።